መርካቶ፣ ሮማና የወንጌል አማኞች

በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«መርካቶ» የሚለው ቃል ጣልያንኛ ነው፤ ትርጉሙ «ገበያ» ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ የነበረው አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ጣልያን ከ1936 እስከ 1941 ከተማዋን በያዘበት ዘመን ነጩን ከጥቁሩ ለይቶ የሚያሰፍር ፕላን አወጣ። አራዳን ለራሱ ሰዎች አድርጎ ፒያሳ አሰኘው፤ ሐበሻውንና ገበያውን ደግሞ ወደ ምዕራብ ገፋው። «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» ብሎ የከለለው ስፍራ ዛሬ አዲስ ከተማ የምንለው ነው። ጣልያን ከሄደ ሰማንያ ዓመት አለፈው፤ ሊስትሮው፣ ጎሚስታውና ፌርማታው ግን አሁንም በእሱ ቋንቋ ይጠራሉ።

ይህን ያነሳሁት አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ስለሚደርሰኝ ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው፤ ጌታን በቅርብ የተቀበሉ፣ ወይም ገና በመፈለግ ላይ ያሉ። «አያቴ ካቶሊክ ናት፤ ድና ይሆን?» ይሉኛል። ሌላው ደግሞ «ካቶሊክ ማለት የጣልያን ሃይማኖት አይደለም ወይ?» ይላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የሰውን ልብ የሚያውቀው ጌታ ነው። ሁለተኛው ግን የታሪክ ጥያቄ ነው፤ በታሪክ ደግሞ መመለስ ይቻላል።

አቋሜን ላለመደበቅ ያህል፣ እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ። ስለ ሮማው ጳጳስ ሥልጣን፣ ስለ ማርያም አማላጅነት፣ ከሞት በኋላ አለ ስለሚባለው የመንጻት ስፍራ ከካቶሊኮች ጋር አልስማማም። አለመስማማቴ ግን በወንድሜ ላይ በሐሰት እንድመሰክር ፈቃድ አይሰጠኝም።

«የጣልያን ሃይማኖት» የሚለው አባባል ከሜዳ አልመጣም። ጣልያን ሲገባ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። በወላይታ የነበሩት የኤስ አይ ኤም ሰዎች በ1937 ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት ከመቶ የማይበልጡ የተጠመቁ አማኞች ነበሩ። (ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ አሥር ሺህ ያህል ሆነው እንዳገኟቸው ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል።) በተባረሩት ምትክ ጣልያናውያን ካቶሊክ ካህናት በመንግሥት ድጋፍ ገቡ። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ በመገዘታቸው ሐምሌ 1936 አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። በግንቦት 1937 የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በመቶዎች ተረሸኑ። በዚያው ዘመን በሚላኖ ካርዲናል ሹስተር ዘመቻውን በካቴድራላቸው አወድሰው ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በነሐሴ 1935 አገር ለመያዝ ብቻ የሚደረግ ጦርነት ፍትሕ የሌለው እንደሆነ ተናግረዋል፤ ጦሩ ከዘመተ በኋላ ግን ያ ድምፅ ደበዘዘ። ይህን ሁሉ ያየ የመርካቶ አዛውንት «ካቶሊክ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ቢከፋ አይፈረድበትም።

ሆኖም በዚያው ዘመን ሌላ ካቶሊክም ነበረ። አባ እንድርያስ ዣሮሶ የሚባሉ ፈረንሳዊ የካፑቺን መነኩሴ በ1882 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ዕድሜያቸውን ሐረር ላይ ጨረሱ። ራስ መኮንን ልጃቸውን ተፈሪን ለትምህርት አደራ የሰጡት ለእኚህ ሰው ነበር። ወራሪው ሐረርን ሲይዝ ሽማግሌውን ጳጳስ አልፈለጋቸውም፤ ከአገር አስወጣቸው። በ1941 ፈረንሳይ ውስጥ ሞቱ። ጣልያን የሚፈልገው ካቶሊክን ሳይሆን የሚታዘዝለትን ካቶሊክ ነበር ማለት ነው።

ፍርሃቱ ግን ከጣልያንም ይቀድማል፤ ሥሩ ያለው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ቋንቋውን ተማረ፣ በትዕግሥት አስተማረ፣ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች በውይይት አቀረበ። ንጉሡ በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ አወጀ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ጠባዩ ሌላ ነበር። ካህናቱ እንደ አዲስ ይካኑ፣ ሕዝቡ እንደ አዲስ ይጠመቅ፣ የጾሙና የበዓላቱ አቆጣጠር እንደ ሮማ ይሁን አለ። ንጉሡም ትእዛዙን በጦር ኃይል አስፈጸመ። ገበሬው አመፀ። በ1632 ከላስታ አማፅያን ጋር በተደረገው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ረገፉ። ሱስንዮስ አሸነፈ፤ ነገር ግን ያሸነፈው የገዛ ሕዝቡን ነበር። ሬሳውን አይቶ አዋጁን ሻረ፣ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፤ ከዚያ በኋላ «ፈረንጅ» ማለት ሃይማኖት ሊያስቀይር የመጣ ሰው ማለት ሆነ።

እዚህ ላይ ወገኖቼ ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ነገር አለ። የመጀመሪያው የፕሮቴስታንት እምነት ሰባኪ ኢትዮጵያ የደረሰው ካቶሊኮች በተባረሩበት ሰሞን ነው። ሉተራዊው ፒተር ሃይሊንግ ከግብፅ ከመጡት ከአቡነ ማርቆስ ጋር በ1634 ገደማ ገባ። እሱም ከሮማ ተቃራኒ በመሆኑ በጎ አቀባበል አገኘ። በአንዱ መባረር የሌላው መግቢያ መከፈቱ በአገራችን ታሪክ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ መጽሐፍ ላውራ፤ የወንጌል አማኝ ልብ እዚህ ላይ ይነቃልና። በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው አዲስ ኪዳን የታተመው የት ይመስላችኋል? ሮማ። በ1548 እና በ1549። ያሳተመው ተስፋ ጽዮን የሚባል ከደብረ ሊባኖስ የሄደ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያንና ማደሪያ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተሰጥቶ ነበር፤ ሥራው የተሠራው በዚያ ነው። አታሚዎቹ ፊደሉን አያውቁም፣ ፊደሉን የሚያውቁት ደግሞ የኅትመት ሥራን አያውቁም፤ ስሕተቱ ስለበዛ ተስፋ ጽዮን አንባቢውን ይቅርታ ጠይቋል። ማርቲን ሉተር ከሞተ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ሉተር ለጀርመን ሕዝብ ቃሉን በቋንቋው እንደሰጠ ደጋግመን እንሰብካለን፤ ደግ አደረግን። የጌታን ቃል በግዕዝ ፊደል ለኅትመት ያበቃው ግን በጳጳሱ ጥላ ሥር ይኖር የነበረ ሐበሻ መሆኑን ከመድረኮቻችን ላይ ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው ማደሪያ ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ሐበሻ እናገኛለን፤ አባ ጎርጎርዮስ ይባላል። የቤተ አምሐራ ሰው ነው፣ ካቶሊክ ነው፣ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ሲያባርር አብሮ የተሰደደ ነው። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ግዕዝ ሊማር ፈልጎ ሮማ ላይ አገኘው። ሉዶልፍ ሉተራዊ ነው። ጀርመን ውስጥ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተራርደው ሰላም ከፈረሙ ገና አንድ ዓመት ሆኖታል። ሁለቱ ግን ተቀምጠው ቃል በቃል ተማማሩ። በ1652 ጎርጎርዮስ በሉተራዊው መስፍን ግብዣ ጎታ ወደምትባል የጀርመን ከተማ ሄዶ ከሉዶልፍ ጋር ብዙ ወራት ሠራ። ወደ አገሩ ለመመለስ ሲሞክር በ1658 መርከቡ ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ቀረ። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው፣ በአማርኛ ላይ ከታተሙት የመጀመሪያው ነው፤ በውስጡ ያለው አማርኛ የጎርጎርዮስ ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነበው ቋንቋ በአውሮፓ የትምህርት ቤት ደጅ የረገጠው በአንድ ካቶሊክ አፍና በአንድ ሉተራዊ ብዕር ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ፍቅሩ አልቀጠለም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን በ1838 ከዐድዋ ተባረሩ። በቀጣዩ ዓመት እዚያው ዐድዋ የደረሰው ጣልያናዊው ላዛሪስት ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበር። አያችሁ፣ አሁንም አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ተራው ተገለበጠ እንጂ። ይሁንና ደ ያቆቢስ ሜንዴዝን አልሆነም። እንደ አገሬው መነኩሴ ለበሰ፣ በባዶ መሬት ተኛ፣ የግዕዝን ቅዳሴ አከበረ፣ «አቡነ ያዕቆብ» ተባለ። በ1860 በበረሃ መንገድ ላይ ሞተ።

ከእሱ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ደቀ መዝሙሩ ነው፤ አባ ገብረ ሚካኤል። የጎጃም ሰው፣ አንድ ዓይኑ የታወረ፣ በኦርቶዶክስ ገዳማት ያደገ ሊቅ ነበር። እውነትን ፍለጋ ከገዳም ገዳም ሲዞር ኖረ። በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት ጋር ሄዶ እስከ ሮማ ደረሰ። ሲመለስ ጥቂት ቆይቶ ካቶሊክ ሆነ፤ በኋላም በስተርጅና ቅስና ተቀበለ። ካሣ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ዙፋን ላይ ለመውጣት የጳጳሱን የአቡነ ሰላማን ቡራኬ ፈለገ፤ አቡኑም ካቶሊኮች እንዲወገዱ ፈለጉ። ገብረ ሚካኤል ታሰረ፣ ተገረፈ፤ እግሩ በሰንሰለት እንደታሰረ ከጦሩ ሠራዊት ጋር ከስፍራ ስፍራ ተጎተተ። ሃይማኖትህን ተው ቢባልም አልተወም። በ1855 በሰንሰለት ሞተ። እኚሁ አቡነ ሰላማ በወጣትነታቸው ካይሮ ውስጥ በእንግሊዝ ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ዝም አልሁ። የእኛ ወገን ትምህርት ቤት ያስተማረው ሰው ሌላውን ስለ እምነቱ አሳሰረ። ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ስለ ስደት ስንሰብክ ሁልጊዜ ራሳችንን ከተሰዳጆቹ ወገን ብቻ ማስቀመጣችን ከታሪኩ ጋር አይገጥምም ማለቴ ነው።

ወደ መርካቶ እንመለስ። ከነጻነት በኋላ በ1944 ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ሚሲዮኖች ድንጋጌ አወጡ። አገሩ በሁለት ተከፈለ፦ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሆነ ክልልና ለሚሲዮን ክፍት የሆነ ክልል። አዲስ አበባ ክፍት ሆነች። በቤተ ክርስቲያኒቱ ክልል ሚሲዮኖች የሚፈቀድላቸው ትምህርት ቤትና ሕክምና እንጂ አማኝ መውሰድ አልነበረም፤ የማስተማሪያው ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን ተደነገገ። ይህ ሕግ ካቶሊኩንም ፕሮቴስታንቱንም በአንድ ቅርጽ ቀረጸ። ካቶሊኮች በአዲስ አበባ በይበልጥ የሚታወቁት በትምህርት ቤቶቻቸው ነው፤ ልደታ ካቴድራል፣ ናዝሬት፣ ቅዱስ ዮሴፍ። በእነዚህ ክፍሎች የተቀመጡት ልጆች አብዛኞቹ ካቶሊክ አልነበሩም፤ ዛሬም አይደሉም። በአንድ ዴስክ ላይ የኦርቶዶክሱ፣ የሙስሊሙና የጴንጤው ልጅ ተደርድረው ተምረዋል።

መርካቶን መርካቶ ያደረገው ግን ነጋዴው ነው፤ ከነጋዴውም መካከል ጉራጌው። ከቸሃ፣ ከእዣ፣ ከጉመር በእግሩ መጥቶ ሊስትሮ ጠርጎ፣ ጉልት ዘርግቶ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ ሕንፃ የሠራውን ትውልድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህ ሕዝብ በከተማ ያገኘውን ወደ አገሩ የሚመልስ ሕዝብ ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁሞ በራሱ ገንዘብ አገሩን በመንገድ ማገናኘት የጀመረው እሱ ነው። በዚያው አገር፣ በእምድብር ዙሪያ፣ የካቶሊክ እምነት ሥር ሰድዷል። በ2003 እምድብር ራሷን የቻለች ሀገረ ስብከት ሆነች፤ የመጀመሪያው ጳጳስም የካፑቺን መነኩሴው አቡነ ሙሴ ገብረጊዮርጊስ ነበሩ። ቅዳሴው በግዕዝ ሥርዓት ነው። ለመስቀል ከመርካቶ ሱቁን ዘግቶ የሚወርደው ነጋዴ ቤቱ ሲደርስ ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ሙስሊሙም፣ የወንጌል አማኙም በአንድ ክትፎ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። «አያቴ ካቶሊክ ናት» የሚሉኝ ልጆች ከዚህ የመጡ ናቸው። አያታቸው ጣልያንን አታውቀውም። የምታውቀው አጣጥ ሆስፒታልን ነው፤ ከወልቂጤ ብዙ ሳይርቅ ካቶሊክ እህቶች ከ1969 ጀምሮ የሚያገለግሉበትን፣ ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ የምትወሰድበትን።

ደርግ ሲመጣ ማን ካቶሊክ፣ ማን ፕሮቴስታንት እንደሆነ ብዙም አልለየም። የቄስ ጉዲና ቱምሳን ታሪክ ታውቃላችሁ፤ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ በሐምሌ 1979 ታፍነው ተገደሉ። በዚያው በ1979 ብርሃነየሱስ ሱራፌል የሚባል ወጣት ካቶሊክ ካህን ታሰረ። ሰባት ወር ቆየ፤ ከዚያ ውስጥ አንዱን ወር ብቻውን ተዘግቶበት። እኚህ ካህን በ1999 የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ፣ በ2015 ደግሞ ካርዲናል ሆኑ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ካርዲናል ጳውሎስ ጻድዋ ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎሙ ሊቅ ናቸው፤ የሕግ ተማሪዎች ስማቸውን ያውቁታል። በ1984 ረሃቡ ሲጠና ካቶሊኮች፣ መካነ ኢየሱስና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን እህሉን በአንድ ኅብረት አጓጓዙ፤ በኋላ ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያንም ገባችበት። የተራበው ሰው ፊት ስንዴው የማን እንደሆነ አልተጻፈበትም ነበር ብል ማጋነን ይሆናል፤ ማዳበሪያው ላይ ተጽፎ ነበር። የበላው ግን ስሙን ሊያነብ አቅም አልነበረውም።

ዛሬ ካቶሊኮች ጥቂት ናቸው። በ2007ቱ ሕዝብ ቆጠራ ከመቶ 0.7 ብቻ ሲሆኑ ወንጌላውያን ወደ 18.6 ደርሰዋል። እዚህ ላይ ለራሳችን የምናገረው አለኝ። የሙሉ ወንጌል ወጣቶች በ1967 ለመመዝገብ ጠይቀው ተከልክለዋል፤ በ1972 አዲስ አበባ ላይ ለጸሎት ተሰብስበው ብዙዎች ታስረዋል። «መጤ»፣ «የፈረንጅ ቅጥረኛ»፣ «ፀረ ማርያም» ተብለናል። ካቶሊኩ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ በተመሳሳይ ስም ሲጠራ ኖሯል። ታዲያ የእኛው አገልጋይ በማይክ «ካቶሊክ የነጭ ሃይማኖት ነው» ሲል ያን የድሮ ዱላ ከመሬት አንሥቶ መያዙ ነው። ስለ ጽድቅ በእምነት የምንለው ካለን በመጽሐፉ እንነጋገር፤ ሉተራውያንና ካቶሊኮች በ1999 አውግስቡርግ ላይ በዚሁ ጉዳይ የጋራ ሰነድ ፈርመዋል። ሰነዱ በቂ አይደለም የሚሉ ወንጌላውያን ብዙ ናቸው፤ እኔም ሁሉንም አልቀበለውም። ቢያንስ አንብቦ መቃወም ይገባል።

ሌላው ነገር ይከብዳል። በአሁኑ ዘመን ወንጌላውያን ከተገፉበት ጥግ ወጥተዋል። በ2020 ምክር ቤታችን በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል፤ በመንግሥት ወንበር ላይ የእኛ ሰዎች በግልጽ ይታያሉ። ለዚህ አመሰግናለሁ፤ አባቶቻችን በእስር ቤት የጸለዩት ስለ ነጻነት ነበርና። ነገር ግን አንዳንድ ስብሰባ ላይ «ቤተ መንግሥቱ የእኛ ሆነ» ሲባል ስሰማ ሱስንዮስ ትዝ ይለኛል። ፓኤዝ በሃያ ዓመት በቃል የገነባውን ሜንዴዝ በሰባት ዓመት በአዋጅ አፈረሰው። የጣልያን ካህናት በጦር ጥላ ሥር ያገኙት ነገር ጦሩ ሲወጣ አብሮ ወጣ። እምድብር ላይ የቀረው በአዋጅ የገባው አይደለም።

ዮሐንስ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ለጌታ ያቀረበውን ክስ አስታውሱ፤ በስምህ አጋንንት የሚያወጣ ሰው አየን፣ እኛን ስላልተከተለ ከለከልነው ብሎ። ደቀ መዛሙርቱ በዚያው ምዕራፍ ላይ ከአንድ ልጅ ጋኔን ማውጣት አቅቷቸው ነበር።

ስድስት ኪሎ የማዘር ቴሬዛ እህቶች ቤት አለ። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1970ዎቹ፣ በረሃቡ ዘመን ነው። ከአውቶቡስ ተራ፣ ከጎጃም በረንዳ፣ ከሰባተኛ ጎዳና ላይ የሚነሡ በሽተኞችና በሞት አፋፍ ያሉ ሰዎች ወደዚያ በር ይወሰዳሉ። ከማውቃቸው የወንጌል አማኝ ወጣቶች መካከል ቅዳሜ ቅዳሜ ሄደው ልብስ የሚያጥቡ፣ ቁስል የሚያጥቡ አሉ። አንዷ እዚያ ካሉት እህቶች ጋር ስለ ማርያም ተከራክራ እንደማታውቅ ነገረችኝ፤ ጊዜ የለም፣ ልብሱ ብዙ ነው አለችኝ።